በችግር ጊዜ የሴቶችን ጤናና ደኅንነት ስለ መጠበቅ

ስለ ድርቅና ስለ ጦርነት ሲወራ በመጀመሪያ ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው የእህል ነገር ሳይሆን አይቀርም። የላስታ ልጆች ከሆናችሁም የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እርዳታም ዘወትር የሚነገረው በኩንታል ነው። ይሁን እንጂ ምጥ ጦርነቱ እስኪያበቃ ወይም ዝናቡ እስኪመለስ አይጠብቅም። በአደጋ ጊዜ በሚሠራበት ግምት መሠረት 10,000 ተፈናቃዮች በአንድ ስፍራ ቢሰፍሩ 400 ያህሉ ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ ከእነዚህም 60 ያህሉ ሕክምና የሚያሻው ችግር ያጋጥማቸዋል።

ላሊበላን ምሳሌ አድርገን እንመልከት። ከተማዪቱ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትፈራረቅ፣ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር፤ መድኃኒትም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ይህ ለነፍሰ ጡር ሴት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡ። ስልክ ከሌለ አምቡላንስ መጥራት አይቻልም። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት በላስታ ምድር ደግሞ በቃሬዛ የሚደረግ ጉዞ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ከወሊድ በኋላ የሚደርስ ብርቱ የደም መፍሰስ ግን ጤነኛ የነበረችውን ሴት በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙን ለማቆም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት የመብራቱ መቋረጥ የወላዶችም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ለማይችሉ እናቶች ሳሙና፣ ንጹሕ ላስቲክ፣ አዲስ ምላጭና የእትብት ማሰሪያ ክር የያዘ ትንሽ ጥቅል ከእህሉ ጋር አብሮ እንዲታደል ይመከራል።

የደኅንነቱ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጸዳጃ ቤት ነው። ይህ የሚያሳፍር ርእስ ሊመስላችሁ ይችላል፤ አያሳፍርም። ተፈናቃዮች በአብዛኛው የሚጠለሉት በትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ የራሳችሁን ትምህርት ቤት መጸዳጃ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራልን? የወንዱና የሴቱ ተለያይቷልን? በሌሊትስ መንገዱ ብርሃን አለውን? በዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ መሠረት ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ሊኖር ይገባል፤ ለወንዶች አንድ ሲሠራም ለሴቶች ሦስት ይሠራል። የውኃው ቦታ ከመጠለያው ከ500 ሜትር መራቅ የለበትም፤ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨትም የምትለቅመው ብዙውን ጊዜ ልጃገረድ ናትና መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለአደጋ ትጋለጣለች። የአንድ መቀርቀሪያ ዋጋ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

ከላስታ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በታጣቂዎች የተደፈሩ 16 ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል የሰጡት ቃል በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። በዚያው ጦርነት በትግራይም ብዙ ሴቶች ይኸው ግፍ ደርሶባቸዋል። የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘርፎ ስለ ነበር ሴቶቹ ተገቢውን ሕክምና በጊዜው ሊያገኙ አልቻሉም። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለውም ከ5 ቀን አያልፍም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጥቃቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» በማለት የሚያልፈው ቀንም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶች ስለ ሆኑ፣ ለወላጅ ለመናገር የከበዳት ልጅ በቅድሚያ ለእነርሱ ብትነግር ወደ ጤና ጣቢያ ሊመሯት ይችላሉ።