የጉበት መድኃኒት ዋጋ ወረደ፤ ከአዲስ ቅዳም ግን ገና ሩቅ ነው

የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም በገበያ የምትታወቀው በከሰሏ፣ በድንቿና በገብሷ ነው። ገበሬው የዲከረንስ ግራር ተክሎ አራትና አምስት ዓመት ይጠብቃል። ከዚያም ቆርጦና አክስሎ ለነጋዴ ሲያስረክብ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ ይገባል። ቆርቆሮ ቤት የሚሠራው፣ ልጅ የሚዳረው፣ ዕዳ የሚከፈለው በዚሁ ገንዘብ ነው። ከቤተሰቡ የአንዱ ሆድ ከተነፋ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የከሰሉ ገንዘብ ለባሕር ዳር ጉዞ ይውላል።

ለመሆኑ ይህ ገንዘብ በዛሬው የመድኃኒት ገበያ ምን ያህል ይገዛል? መልሱ እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። ባለፉት አሥር ዓመታት የጉበት መድኃኒት ዋጋ እንደወረደው የወረደ ዋጋ በጥቂት ዕቃ ላይ ብቻ ነው የታየው። ሆኖም የዋጋው መውረድና የበሽተኛው መዳን አብረው አልሄዱም።

ከ84 ሺህ ወደ 60 ዶላር

የጉበት ቫይረስ «ሲ» በላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ለረዥም ጊዜ ሕክምናው በመርፌ የሚሰጥና በሽተኛውን እጅግ የሚያደክም ሲሆን፣ የሚያድነውም ግማሽ ያህሉን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለው ክኒን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ሲያገኝ የአንዱ ፍሬ ዋጋ 1,000 ዶላር ሆነ። የ12 ሳምንቱ ሕክምና በድምሩ 84,000 ዶላር ማለት ነው።

በቀጣዩ ዓመት አምራቹ ጊልያድ ኩባንያ ለሕንድ ፋብሪካዎች የማምረት ፈቃድ ሰጠ። መድኃኒቱ እንዲሸጥባቸው ከተፈቀደላቸው 91 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፋብሪካዎቹ ሲበዙ ዋጋው ተንከባለለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋር ተጣምሮ ሙሉ ሕክምናው በ60 ዶላር እንደሚገኝ ገልጿል። በቀን ሲካፈል አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ከመቶ በሽተኛ ከ95 በላይ የሚሆነውም ይድናል።

ለአዲስ ቅዳም ገበሬ ይህ ዓይነቱ ሕክምና ከገቢው ጋር የሚስማማ ነው። ሦስት ወር ወስዶ ይጨርሳል፤ ወጪውም አንድ ጊዜ ነው። 60 ዶላሩ ግን በጅምላ ለሚገዛ መንግሥት ወይም ድርጅት የሚሰጥ ዋጋ እንጂ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ዋጋ አይደለም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 ከ49 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መርምራ በሽተኞቿን በነፃ ለማከም የቻለችው በአገር ውስጥ በማምረትና በብዛት በመግዛት ነው።

የዕድሜ ልክ ክኒን

በአገራችን በስፋት ያለው ግን «ቢ» የተባለው ቫይረስ ነው። ይህኛውን ቴኖፎቪር የተባለው ክኒን ያስታግሰዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነት አያጠፋውም። ስለዚህ የጀመረ ሰው ለረዥም ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልኩን ይውጠዋል። ክኒኑ ለኤች አይ ቪ ሕክምና በብዛት ስለሚመረት ዓለም አቀፍ ዋጋው በወር 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ደርሷል። ከላይ በተጠቀሰው ሪፖርት መረጃ ከሰጡት 26 አገሮች መካከል በዚህ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የገዙት 7 ብቻ ናቸው።

ሒሳቡን በብር እናስላው። በወር 2.40 ዶላር በዓመት 28.80 ዶላር ይሆናል። አንድ ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ 1,640 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር 100 ብር ሲገባ ያው ክኒን 2,880 ብር ሆነ፤ በ150 ብር ሲታሰብ ደግሞ 4,320 ብር ይሆናል። ፋብሪካው ዋጋ ሳይጨምር በሽተኛው ላይ ጨመረ ማለት ነው። የማጓጓዣና የችርቻሮ ትርፍ ገና አልተደመረም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሰል በአራት ዓመት አንዴ ይሸጣል፤ ክኒኑ ግን በየወሩ ይገዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የግራሩ የዝገት በሽታ በአዊ ተክል ላይ ጉዳት በማድረሱ በገበሬው ገቢ ላይ ስጋት ጨምሯል። ክኒኑን አቋርጦ እንደገና መጀመር አያዋጣም። ድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን ሊያቃጥል ይችላልና።

ምርመራው ከመድኃኒቱ ይከብዳል

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በዓለም ላይ «ቢ» ካለባቸው 100 ሰዎች መያዛቸውን ያወቁት 13፣ መድኃኒት ያገኙት 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። የ«ቢ» እና የ«ሲ» ሸክም ከሚበዛባቸው አሥር አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ ተጠቅሳለች።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው፤ ከጣት በሚወሰድ ደም ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ወጪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት ስለማይጀምር የጉበቱ ጠባሳ መጠን መታወቅ አለበት። ቀደም ሲል ይህ የሚታወቀው በመርፌ ከጉበት ቁራጭ ሥጋ በመውሰድ ነበር። ዛሬ ፋይብሮስካን የተባለው መሣሪያ ከቆዳ ላይ ሆኖ የጉበትን ጥንካሬ ይለካል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር በጀመረው የ«ቢ» ሕክምና ፕሮግራም ከሺህ በላይ በሽተኞችን የተከታተለው በዚሁ መሣሪያ ጭምር ነው።

ፕሮግራሙ አንድ መራራ እውነትም አሳይቷል። መድኃኒት በጀመሩ በወራት ውስጥ የሞቱት በአብዛኛው ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ጉበታቸው ካለቀ በኋላ የደረሱት ነበሩ። መድኃኒቱ ነበረ፤ በሽተኛው ዘገየ።

ከአዲስ ቅዳም አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለመሄድ ባሕር ዳር ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የአስታማሚው ቀለብ ሲደመር ከክኒኑ ይበልጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ገንዘብ ያለውም አይደርስም።

እንዲህም ሆኖ መፍትሔ አልጠፋም። በሁለት ተራ የደም ምርመራዎች፣ ማለትም አንድ የጉበት ኢንዛይምና የፕሌትሌት ቁጥር ተወስዶ የጠባሳው ደረጃ በስሌት ይገመታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ይህን ስሌት ተቀብሎ መድኃኒት የሚጀምሩትን ሰዎች ቁጥር አስፍቷል። ለሳንባ ነቀርሳ የተገዛው ጂን ኤክስፐርት መሣሪያም ተገቢው ካርትሪጅ ከቀረበለት የ«ቢ» እና የ«ሲ»ን ቫይረስ መጠን መለካት ይችላል። በሽተኛው ወደ መሣሪያው ከመሄድ ምርመራው ወደ በሽተኛው ቢቀርብ ይረክሳል ማለት ነው።

ጨጓራም የራሱ ገበያ አለው

«ጨጓራዬን» የማይል ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህም ኦሜፕራዞል በየመድኃኒት ቤቱ ጥሩ ሽያጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ ለጨጓራ ቁስለት ዋናው ምክንያት ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ደርሰውበት በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው ካለ ሕክምናው ኦሜፕራዞልን ከሁለት አንቲባዮቲኮች ጋር ከ10 እስከ 14 ቀን መውሰድ ነው። ኦሜፕራዞል ብቻውን ሕመሙን ያስተኛል እንጂ ባክቴሪያውን አይነቅልም። ዓመት ሙሉ ክኒን የሚገዛ ሰው የሁለት ሳምንቱን ሕክምና ዋጋ ደጋግሞ ከፍሎታል።

ምርመራውንም መምረጥ ያስፈልጋል። የደም ምርመራው የድሮውን ከአሁኑ አይለይም፤ የሰገራው የተሻለ ነው። ከምርመራው በፊት ግን ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት መቆም አለበት። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደ ከረሜላ የሚዋጠው ዲክሎፌናክም ራሱን የቻለ የቁስለት ምክንያት ነው።

አዋጪው ግዢ

«የወፍ በሽታ» የሌሊት ወፍ ሽንት ያመጣዋል የሚለው እምነት በብዙ አካባቢ አለ። «ቢ» የሚተላለፈው ግን በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በጨቅላነት ከተያዙ 100 ሕፃናት 90 ያህሉ በሽታው ሥር ይሰድባቸዋል፤ በጉልምስና ከተያዙት ግን 5 እንኳ አይሞሉም።

የ«ቢ» ክትባት በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስት ለአንዱ ክትባት ውስጥ ተካቶ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ያለ ክፍያ ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥም አንድ መርፌ እንዲወጋ ይመክራል። ከዚያ በፊት ለተወለደው ጎልማሳ የሚቀረው መመርመር ነው። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የጠበቀ ሰው የከሰሉን ገንዘብ የሚያወጣው ለመዳን ሳይሆን ለማስታመም ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ የወረደው ጤነኛ መስሎ ሳለ ለተመረመረ ሰው ነው።