ስልክዎ ሲዘጋ ጥሪው የት ይሄዳል? የድምፅ መልእክት ሳጥን አከፋፈትና ሲበላሽ የሚደረገው

በቡና ለቀማ ወቅት በሰኮሩና በአካባቢዋ ስልክ የሚደወልበት ሰዓትና ባለቤቱ ስልኩን የሚያነሳበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። አርሶ አደሩ ቀኑን በማሳው ይውላል፤ ማሳው ከገደል ግርጌ ከሆነ የኔትወርክ ምልክቱ ይጠፋል። ነጋዴው የእሸት ቡናን የዕለት ዋጋ ሊነግረው የሚደውለው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲጓዝ ወደ ግቤ ሸለቆ የወረደ መንገደኛ፣ ባትሪው ያለቀበት የከተማ ነዋሪ፣ ልጁ ከዓረብ አገር የምትደውልለት አባትም ችግራቸው ተመሳሳይ ነው። ማታ ስልኩ ሲከፈት ቢበዛ ያመለጠ ጥሪ ማስታወቂያ ይገኛል። ማስታወቂያው የደወለውን ሰው ቁጥር ያሳያል፤ ሊናገር የፈለገውን ግን አያሳይም።

ቮይስ ሜይል በሚል ስሙ የሚታወቀው የድምፅ መልእክት ሳጥን የተበጀው ለዚህ ክፍተት ነው። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝቡ የለመደው ግን "ሚስድ ኮል" አድርጎ መልሶ እስኪደወልለት መጠበቅን ነው። ሰው ከሌለበት መስመር ጋር መነጋገር ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። ቢሆንም በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው 8028 የግብርና መረጃ መስመር በርካታ አርሶ አደሮች ቁጥር እየተጫኑ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ የተቀዳ ምክር ሲሰሙ ቆይተዋል። የመልእክት ሳጥኑም አሠራር ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መልእክቱ የሚቀመጠው በስልክዎ ውስጥ አለመሆኑ ነው። የሚቀመጠው በቴሌኮም ድርጅቱ ማዕከል ነው፤ ስልክዎ ጠፍቶም ሳለ ሊቀበል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሪውን ወደዚያ የሚወስደው "ጥሪ ማስተላለፍ" የሚባል ትእዛዝ ሲሆን፣ ይህም ትእዛዝ የሚመዘገበው በኔትወርኩ ላይ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ አልሠራ ሲል ስልኩን ወደ ጥገና ቤት ከመውሰድ በፊት ትእዛዙን መመርመር ይቀድማል።

ትእዛዙ በአራት መንገድ ይሰጣል። ቁጥር 21 ስልኩ ሳይጠራ ጥሪውን ሁሉ ያስተላልፋል። 67 መስመሩ ሲያዝ፣ 61 ስልኩ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር፣ 62 ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሲሆን ብቻ ይሠራሉ። ለሰኮሩ ገበሬ የምንመክረው 62ን ብቻ ነው። ምክንያቱም 61 ከተከፈተ ሳጥኑ ራሱ ስልኩን "ያነሳል"፤ ሚስድ ኮል ሊያደርግ የፈለገ ዘመድም ሳያስበው ሒሳብ ሊቆረጥበት ይችላል። አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት ሁለተኛ አይደውልም።

ለመጀመር አገልግሎቱ ለሲምዎ ክፍት መሆኑን፣ የሳጥኑን ቁጥርና ክፍያውን ከድርጅቱ ይጠይቁ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞች 700 ይደውላሉ። ቁጥሩን ካገኙ በኋላ **62* ብለው የሳጥኑን ቁጥር ያስከትሉ፤ በመጨረሻም # ጨምረው ይደውሉ። * ኮከብ፣ # ደግሞ መሰላል የምንላቸው ምልክቶች ናቸው። ቀጥሎ በስልኩ የመደወያ ቅንብር ውስጥ "ቮይስ ሜይል" የሚለውን ፈልገው ያንኑ ቁጥር ይመዝግቡ። ከዚያ ወዲያ በአብዛኞቹ ስልኮች 1 ቁጥርን ተጭኖ መቆየት በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ያስገባል።

ሳጥኑ የሚስጥር ቁጥርና የሰላምታ ድምፅ ከጠየቀዎት ሁለቱንም ሳያዘገዩ ያስገቡ። ሰላምታውን በኦሮምኛም በአማርኛም ቢቀዱት የሚደውለው ሁሉ ይረዳዋል፤ ስምዎንና ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ የሚያገኙበትን ሰዓት መናገር በቂ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን 0000 ወይም 1234 ብሎ መተው ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤል የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት እንዳስጠነቀቀው፣ አጭበርባሪዎች ሰው በተኛበት ሰዓት የዋትስአፕ ማረጋገጫ ቁጥር በድምፅ ጥሪ እንዲላክ ያደርጋሉ፤ ጥሪው ሳይነሳ ቀርቶ በሳጥኑ ሲቀዳም ባልተለወጠው የሚስጥር ቁጥር ገብተው ይሰሙታል። ስልኩን በእጃቸው መንካት እንኳ አያስፈልጋቸውም።

ከችግሮቹ ሁሉ በርከት ብሎ የሚያጋጥመው ጥሪ ወደማይታወቅ ቦታ መሄዱ ነው። *#21# ብለው ቢደውሉ ጥሪዎ ሁሉ እየተላለፈ መሆን አለመሆኑን ስክሪኑ ይነግርዎታል፤ *#62# ደግሞ ስልኩ ሲዘጋ ጥሪው የሚሄድበትን ቁጥር ያሳያል። በዚህኛው ላይ የማያውቁትን ቁጥር ካዩ "ስልኬ ተጠለፈ" ብለው አይደንግጡ። በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲህ እየተባለ ቢወራም፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የድርጅቱ የራሱ ሳጥን ነው፤ ደውለው ማረጋገጥ ይችላሉ። የሚያሳስበው በ21 ላይ የግለሰብ ስልክ ቁጥር ከታየ ነው። ##002# ማስተላለፎችን ሁሉ በአንዴ ይሰርዛል፤ የሳጥኑም ትእዛዝ አብሮ ስለሚጠፋ 62ን እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል።

ሽልማት ደርሶዎታል ወይም መስመርዎን እናስተካክል ብሎ በ**21* የሚጀምር ኮድ እንዲደውሉ የሚጠይቅዎት ሰው ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉት። ያን ኮድ ቢደውሉ የእርስዎ ጥሪዎች ሁሉ፣ በድምፅ የሚመጡ ማረጋገጫ ቁጥሮች ጭምር፣ ወደ እሱ ይሄዳሉ።

ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያላቸው ደግሞ ኮዱ የሚሠራው በተደወለበት ሲም ላይ ብቻ መሆኑን ይዘነጋሉ። በ09 የሚጀምረውን መስመር አስተካክለው በ07ቱ ለምን አልሠራም ይላሉ። ለእያንዳንዱ ለየብቻው መደወል ይገባል። ደዋዮች መልእክት መተው አልቻልንም ካሉ ሳጥኑ ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል የቆዩትን ያጥፉ። መልእክቱን ሰምተውም ምልክቱ ከስክሪኑ አልጠፋ ካለ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም ሌላ ሰው አዲስ መልእክት እንዲተው አድርጎ እሱን ሰምቶ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ወጣቶች በቴሌግራምና በኢሞ የድምፅ መልእክት መላክን መርጠዋል። ዳታ እስኪከፈት መልእክቱ ይጠብቃል፤ ከውጭ አገር ለሚደውል ቤተሰብም ይህ ይረክሳል። ነገር ግን ላኪውም ተቀባዩም ዘመናዊ ስልክና ዳታ ሊኖራቸው ይገባል። የመልእክት ሳጥኑን ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ አባወራም ሊጠቀምበት ይችላል።

ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ስልክዎን ያጥፉና በቤተሰብ ስልክ ወደ ራስዎ ይደውሉ። ሰላምታዎ ከተሰማ አንድ ቃል ተናግረው ይዝጉ፤ ስልክዎን ሲያበሩ መልእክቱ መድረሱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ይጠብቁ። ሙከራውን ለቀማው ሳይጀመር ማድረግ ይበጃል።