ሱፍ የቆረቆራት መንደር

አንባቢ ሆይ! በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሺር፣ ሶልቴር የምትባል መንደር አለች። ስሟ ከባለጸጋው ከታይተስ ሶልትና ከኤር ወንዝ ስም የተገጣጠመ ነው። ብራድፎርድ በጢስ ታፍና፣ በ1849 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ብዙ ሰው ከፈጀባት በኋላ፣ ሶልት ከከተማው ውጭ ታላቅ የሱፍ ፋብሪካ አሠርቶ በ1853 ከፈተ። 1,200 ያህል የሽመና መኪናዎች በተለይ የአልፓካን ጠጉር ጨርቅ ያደርጉ ጀመር፤ አልፓካ በደቡብ አሜሪካ የምትረባ የግመል ዘመድ ናት። ለሠራተኛው ከ800 በላይ የድንጋይ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ተሠሩለት፤ መጠጥ ቤት ግን ተከለከለ። ቸርነቱ አይካድም፤ ነገር ግን አሠሪህ የቤትህም ባለቤት ሲሆን፣ ደመወዝ አነሰኝ ብለህ እንዴት ትሟገተዋለህ?

ፋብሪካው በ1986 ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት የብራድፎርዱ ተወላጅ ጆናታን ሲልቨር ገዛውና መኪናው ይጮኽበት በነበረው አዳራሽ የዴቪድ ሆክኒን ሥዕሎች ሰቀለበት።