የነጭ ሽንኩርትን መበስበስ በትሪኮደርማ መከላከል

ደጋ ላይ ነጭ ሽንኩርት የምታመርቱ ወገኖች፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሲሆን ውኃ ጠማው ብላችሁ ከማጠጣታችሁ በፊት አንዱን ነቅላችሁ እዩት። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ፣ በሻጋታው ውስጥም ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ ጥቁር ቅንጣቶች ካሉ፣ ይህ ነጭ አበስብስ የተባለ የፈንገስ በሽታ ነው። ቅንጣቶቹ አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞቱ ይቆያሉ፤ የሚነቁት የሽንኩርት ሥር የሚያወጣው ሽታ ሲደርሳቸው ነው። ለዚህም ነው ሁለት ሦስት ዓመት ገብስ ወይም ባቄላ መዝራት ብቻውን ማሳውን የማያጸዳው።

ትሪኮደርማ ራሱ ፈንገስ ነው፤ ግን ሌላ ፈንገስ ይበላል። በጠላቱ ክሮች ላይ ይጠመጠማል፣ ግድግዳቸውን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፣ ከዚያም ይመገባቸዋል። ዌይንድሊንግ የተባለ ተመራማሪ ይህን ባሕርይ የገለጸው በ1932 እ.ኤ.አ. ነበር።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ ትሪኮደርማ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በፀረ ፈንገስ ኬሚካል በታሸ ፍንካች ላይ ብትጨምሩት ልትገድሉት ትችላላችሁ። ፀሐይ ላይ አታቆዩት። በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ፣ እርጥበት ባለው አፈር፣ በተከላ ጊዜ ስጡት። የበሰበሰውን ተክል አያድንም፤ ሥራው መከላከል ነው። በጣም የተበከለ ማሳንም ብቻውን አይመልሰውም። የታመመውን ከነአፈሩ ነቅላችሁ አውጡ፤ ኮምፖስት ውስጥ ግን በፍጹም አትጨምሩት።