ውሃ የሚያፈስ መኪና ውሃ በመጨመር አይድንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የመኪናቸው ራዲያተር ውሃ ሲያጎድል ጀሪካን ይዘው መሙላትን እንደ መድኃኒት የሚቆጥሩ ወገኖች ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፣ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚከለክለው በራዲያተሩ ክዳን የታመቀው ግፊት ሲሆን፣ ማፍሰሻ ከተገኘ ግን ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተሩም ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። ይህም ለደመወዝተኛ ከባድ ዕዳ ነው።

እኔም የውሃ ፓምፑን ኦርጅናል ባልሆነ ዕቃ ካስለወጥሁ በኋላ ጠብታ አየሁ። ብዙዎች ፓምፑን ወቀሱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ በግፊት መሞከሪያ ሲፈተሽ ግን፣ ውሃው የወጣው ከመጋጠሚያው ነበር፤ መካኒኩ የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ አልጠረገውም። ከፓምፑ አንገት ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ቢፈስ ኖሮ ጉድለቱ የፓምፑ የራሱ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚፈስበት ቦታ በትክክል ይታወቅ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝም ክዳኑን ማንም አይክፈት፤ የታመቀው ውሃ ፊት ያቃጥላልና።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከአዲስ አበባ