የካምፐኑ ሠዓሊ፦ የሄንድሪክ አቨርካምፕ ንድፎች

የዛሬ አራት መቶ ዓመት ግድም፣ በኔዘርላንድ ብርዱ ሲበረታ ወንዙና ቦዩ በረዶ ይሆናል፤ ጀልባም ይቆማል። ያኔ ሕዝቡ በረዶው ላይ ይወጣል። ሄንድሪክ አቨርካምፕ ዕድሜውን በአብዛኛው የሰጠው ለዚህ ትዕይንት ነው። ስሙን ያስጠሩት የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ቢሆኑም፣ አሠራሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በወረቀት ንድፎቹ ላይ ነው።

አቨርካምፕ እ.ኤ.አ. በ1585 አምስተርዳም ተወለደ። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ የአይሰል ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ካምፐን ተዛወረ፤ አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። ልጁ መናገር ስለማይችል «የካምፐኑ ዲዳ» ይባል ነበር። ሥዕል የተማረው አምስተርዳም ሲሆን፣ በኋላ ካምፐን ተመልሶ እዚያው ሠርቷል።

ንድፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ለራሱ ሥራ የያዛቸው ናቸው፦ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ሴት፣ መረብ የያዘ ዓሣ አጥማጅ፣ በበረዶ የሚንሸራተት ወጣት። አዲስ ሥዕል ሲጀምር ከእነዚህ መርጦ በየቦታቸው ያቆማቸዋል። አንድ ሰው በተለያዩ ሥዕሎች ውስጥ ተመልሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያው ቆሞ የሣለው የሚመስለን ግርግር፣ እንዲህ ተቀናብሮ የተሠራ ነው።

ሁለተኞቹ ለሽያጭ የተሠሩ ናቸው። መስመሩን በብዕር ያወጣል፣ በውሃ ቀለም ያቀልማል፣ የስሙን መነሻ ፊደላት አጣምሮ ይፈርማል። ንድፍ በአብዛኛው ለሌላ ሥራ መሰናዶ በነበረበት ዘመን፣ እነዚህ በራሳቸው የቆሙ ሥራዎች ነበሩ።

በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ሀብታሙ በፈረስ በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ ያልፋል፤ ድሃው በረዶውን ቀዶ ዓሣ ይፈልጋል። ሌሎች፣ እንደ እኛ ገና ጨዋታ፣ በቆልማማ ዱላ ኳስ የሚመታበትን ኮልፍ ይጫወታሉ። ቀደምት ሥራዎቹ ላይ አድማሱ ከፍ ብሎ ሕዝቡን ከላይ ያሳያል፤ በኋለኞቹ ዝቅ ይልና ሰማዩ ሰፊ ቦታ ይይዛል።

አቨርካምፕ በ1634 ካምፐን ውስጥ አረፈ፤ የወንድሙ ልጅ ባረንት ፈለጉን ተከተለ። ዛሬ ከንድፎቹ ብዙዎቹ በእንግሊዝ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት፣ በንጉሣዊው ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። የዚያን ዘመን ተራ ሰው ምን ለብሶ፣ ምን ሠርቶ፣ በምን ተጫውቶ ብርዱን እንዳሳለፈ ማወቅ የሚሻ፣ ከእነዚህ ወረቀቶች ቢጀምር ያተርፋል።