መሮው ሳይገዛ ይሞከር

ዕቁብ የወጣላት አንዲት እናት የረከቦት እግርና የአልጋ ቋሚ በቶርኖ እየሠራች ልጆቿን ለማሳደግ አስባ መሮ ልትገዛ ነው። ገንዘቡ አይደገምም። ስለዚህ እኅታችን መሮውን በመያዣ ወስዳ በምታውቀው ባለሙያ ቶርኖ ላይ ትሞክረው።

የመሮው ጀርባ በሚሽከረከረው እንጨት ላይ አርፎ፣ እጀታው ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ስለቱ ሳያንቀጠቅጥ መቁረጥ አለበት። በዋንዛ ላይ ያማረበት ወይራ ላይ ሊለግም ይችላልና ሙከራው በምትሠራበት እንጨት ይሁን። አጭር እጀታ ክንድ ያዝላል።

ሻጩ ብረቱን በሞላ እንዲነካላት ብትጠይቅም ነውር የለውም። ተራው ብረት ነጭ ብልጭታ በብዛት ይረጫል፤ ሙቀት የሚችለው ግን ጥቂትና ደብዛዛ ቀይ ነው። ተራው ሲሳል ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን ያጣል።

ለሙከራም ቢሆን ነጠላው ይውለቅ፣ ጸጉር ይታሰር፤ ጓንትም አይደረግ፤ ቶርኖ ጓንቱን ከነእጅ ይስባል።